«ብቻውን» በተባለው ፎቶግራፍ ላይ ስለተገኘችው ሦስተኛ እጅ

ለክብርት ወይዘሮ በለጥሻቸው
የ«ብርሃነ ከተማ» የፎቶግራፍ ውድድር የዳኞች ሰብሳቢ
ባሉበት

ክብርት ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎና ለቤተሰብዎ ሙሉ ጤና፣ ለዓይንዎ ደግሞ ለብቻው ትንሽ ጨመር ያለ ጤና እመኛለሁ። እኔ ከመዶሻ ብዛት ጆሮዬ ከመክበዱ በቀር ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ። ዱባለ እባላለሁ፤ መርካቶ ምን አለሽ ተራ ከዘይት ቆርቆሮ የከሰል ምድጃ እሠራለሁ። ስሜን ባይሰሙት እንኳ መልኬን ያውቁታል፤ ዘንድሮ አንደኛ በወጣው «ብቻውን» በተሰኘው ፎቶግራፍ ላይ መዶሻ አንስቶ የሚታየው ሰው እኔ ነኝ።

ስለዚህ ታላቅ ክብር ላመሰግንዎ ብዕር ባነሳም፣ ባለመማሬ ያልገቡኝ ጥቂት ነገሮች ስላሉ በትሕትና በቁጥር አቀርባቸዋለሁ።

፩. ስለ ፀሐይዋ። በፎቶግራፉ ላይ ከኋላዬ ትልቅ ቀይ ፀሐይ ትጠልቃለች። ከኋላዬ ያለው ግን የጀዋር የብረት መጋዘን ግድግዳ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ጀርባዬን ሰጥቼው ስሠራ ፀሐይ ያንን ግድግዳ በስታ ስትወጣ አላየሁም፤ ለእናንተ ውድድር ሲባል መብሳቷ ምን ያህል እንደምትፈሩ ያሳያል።

፪. ስለ ርግቦቹ። ዘጠኝ ርግቦች በራሴ ላይ ይበራሉ፤ ከእነሱም ሁለቱ ከአንድ ክንፍ ላይ፣ በአንድ ቦታ፣ አንድ ዓይነት ላባ ጎድሏቸዋል። መንታ ርግብ ለማየት ያበቃኝን ኮሚቴ አመሰግናለሁ። በእኛ ተራ ግን ከጠዋት ጀምሮ መዶሻ ስለሚጮህ፣ እውነተኛ ርግብ እንኳን ልታርፍ ለማለፍም ሰዓት ትመርጣለች።

፫. ይህኛው ረዘም ይላልና ይታገሡኝ።

ፎቶ አንሺው አለሙ ጥር ላይ ሲያነሳኝ ብቻዬን አልነበርኩም። ባልደረባዬ ሙናዊር ፊት ለፊቴ ተቀምጦ ነበር። ሃያ ሁለት ዓመት እሱ ይይዛል፣ እኔ እመታለሁ፤ ቆርቆሮ የሚይዘው ሰው ካላገኘ እየሸሸ አይመታም። በዚያ ቀን ምን ብዬው እንደሆነ ረሳሁት እንጂ ሙናዊር እየሳቀ ነበር። ቤቱም ሲገባ ለልጁ ለኢክራ «ዛሬ ሥራ ላይ እንዳለሁ ፎቶ ተነሳሁ» ብሎ ነገራት። ሐምሌ ላይ ታሞ አረፈ። ከመታወቂያው ላይ ካለው ጉርድ በቀር ሌላ ፎቶ አልነበረውም።

ጥቅምት ላይ ኤግዚቢሽናችሁ ሲከፈት፣ ሰባተኛ በሚባለው ሰፈር ጨርቅ የምትነግደው ኢክራ ሱቋን ዘግታ ከእኔ ጋር መጣች። ፎቶግራፉ ፊት ብዙ ቆመች። አባቷ በተቀመጠበት ቦታ አሮጌ በርሜል ተቀምጦ ይጨሳል።

«ጋሼ ዱባለ፣ እጅዎ ስንት ነው?» አለችኝ።

ቆጠርኩ። አንዱ መዶሻ ይዟል፣ አንዱ ጉልበቴ ላይ ነው፣ አንዱ ደግሞ ቆርቆሮውን ይዟል። የዚህኛው የቀለበት ጣት ጫፍ የለውም። ቆርቆሮ ሲቆርጠው አጠገቡ ነበርኩ፤ ደሙን ያሰርኩት በኔ ሻርፕ ነው።

«ይቺ የአባቴ እጅ ናት» አለች።

ከጎኑ የተለጠፈውን የዳኞች አስተያየት አነበብኩላት፤ «የብቸኛ ሠራተኛ ጽናት በማይዋሽ ብርሃን የታየበት» ይላል። ክብርት ሆይ፣ ይህን የጻፈውን ዳኛ እጄን ዘርግቼ ልጨብጠው እመኛለሁ፤ የትኛውን መዘርጋት እንዳለብኝ ግን እሱ ይምረጥልኝ።

፬. ዋናውን ፎቶ ለኢክራ እንድትሰጡልኝ ሁለት ጊዜ ቢሮአችሁ መጥቻለሁ። ወንበር ስለሰጣችሁኝ አመሰግናለሁ። በሁለተኛው ቀን አንዲት ትሑት ሠራተኛችሁ «ዋናው ጥበባዊ ደረጃውን ስለማያሟላ በእኛ ዘንድ አይታወቅም» አለችኝ። ሙናዊር ሞቶም ደረጃ እንዳላሟላ የተረዳሁት ያን ጊዜ ነው።

በመጨረሻ የመጣው አለሙ ራሱ ነው። ሙናዊር ይቀመጥበት በነበረው ድንጋይ ላይ ተቀምጦ አንገቱን ደፋ።

«አምና ሌላ ሥራዬን እንዳነሳሁት ልኬ ነበር፣ ጋሼ። ‹ሕይወት ይጎድለዋል› ብለው መለሱብኝ። ዘንድሮ በዚህኛው ላይ ሕይወት ጨመርኩ።»

«ሰው ቀንሰህ?» አልኩት።

ከቦርሳው አሳጥቦ ያመጣውን ዋናውን ፎቶ አወጣና «ለልጁ ራሴ ልስጣት» አለ። ተያይዘን ሰባተኛ ወረድን። ዋናው ፎቶ ላይ ፀሐይ የለም፤ ያለው የመጋዘኑ ግድግዳና ዝናብ ያጎበጠው ላስቲክ ነው። ሙናዊር ጥርሱ ሁሉ እስኪታይ ይስቃል። ኢክራ በሁለት እጇ ያዘችው።

«ዓይኑን ጨፍኗል» አለች።

«ሲስቅ መቼ ገልጦ ያውቃል?» አልኳት። ሳቀች፤ እሷም ጨፈነች። አለሙ ፊቱን ወደ መንገዱ አዞረ።

ክብርት ሆይ፣ እኔ ቆርጦ መቀጠልን የምቃወም እንዳይመስልዎ፤ እንጀራዬ ነው። ግን ምድጃዬ ሆድ ላይ የዘይቱ ፋብሪካ ጽሑፍ እንዳለ ይታያል፤ ከእኔ የሚገዛ ሁሉ ከምን እንደተሠራ አውቆ ይገዛል፤ ከፋብሪካ የወጣ ነው ብዬ አንድ ቀን አልማልኩም። ለተቀነባበረ ምስልም የራሱን ስም ሰጥታችሁ የራሱን ክፍል ብትከፍቱለት፣ አለሙ ጎበዝ ልጅ ነውና በሰጣችሁኝ እጆች ሁሉ አጨበጭብለታለሁ። ፎቶግራፍ ነው ብላችሁ ከሰቀላችሁት ግን የነበረው ሰው ይኑርበት።

ያልነበረውን ለማየት፣ የነበረውን ላለማየት የታደለ ዓይንዎን ፈጣሪ ይጠብቅልን እያልኩ፣ ከታላቅ አክብሮት ጋር እሰናበታለሁ።

ዱባለ
ምን አለሽ ተራ፣ ከጀዋር መጋዘን ግድግዳ ሥር

ማስታወሻ፦ ለሽልማቱ ሥነ ሥርዓት በክብር እንግድነት ስለጠራችሁኝ አመሰግናለሁ። ለመግቢያ ባጅ የሚሆን «ምንም ያልተነካካ» ፎቶ ላክ ብላችኋል። ያለኝ አለሙ ለእኔም ያሳጠበልኝ ከሙናዊር ጋር የተነሳነው ብቻ ስለሆነ እሱን ልኬያለሁ። በሩ ላይ ያሉት ጠባቂዎች እንዳይቸገሩ ከሁለታችን አንዱን ማጥፋት ካስፈለገ፣ በዚህ በኩል ልምድ ስላላችሁ ለእናንተ ትቼዋለሁ።