ከፒያሳ ሆኜ ሳስተረጉምልዎ

አሰላሙ አለይኩም አባባ። ይህች ደብዳቤ እርስዎንም እማማንም እዚያው ዴልሂ፣ ሆስፒታሉ ውስጥ በሰላም ታግኛችሁ። እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን።

የጻፍኩልዎ በስልክ ሲሆን ስለሚያቋርጡኝ ነው። የወርቅ ሱቃችን ሥራ ጥሩ ነው፤ ሙሽሮች ከፒያሳ አልጠፉም። ዶክተሩ የሚለውን በስልክ ማስተርጎሙንም ለምጄዋለሁ። «ይጠዘጥዘኛል» ያሉትን በእንግሊዝኛ ማለት ቢቸግረኝ «ልክ እንደ ጥርስ ሕመም» አልኩትና ወዲያው ገባው። እሱም ቀስ ብሎ ስለሚናገር አንድ ቃል አያመልጠኝም።

ሐሙስ ዕለት ብዙ ተናግሮ እኔ ግን «መድኃኒቱን ይቀጥሉ ብሏል» ብቻ ስላልኩዎት፣ እማማ «ይሄ ሁሉ ንግግር ለዚህች ነው?» ብላኝ ነበር። ሐኪም ንግግር ያበዛል ይበሏት። «ድምፅሽ ምን ሆነ?» ያሉኝም መስመሩ እየተቆራረጠ ነው።

ይልቅ ደስ የሚል ወሬ ልንገርዎ። ቪዛ ስለወጣልን ማክሰኞ እመጣለሁ። አጠገብዎ ቁጭ ብዬ ባስተረጉም ይሻላል። ሱቁ ለጥቂት ቀናት ቢዘጋ ምንም አይሆንም፤ እንዳይቆጡኝ።

ወንድሜ ካሊድም አብሮኝ ይመጣል። ሦስት ዓመት ሙሉ ስለተኳረፋችሁበት ጉዳይ ባነሳበት፣ «ምን ነበር እሱ?» አለኝ። እንግሊዝኛ እንደማይችል ያውቃሉ። እሱን የማመጣው ከእርስዎ ጋር በአማርኛ እንዲያወራ ነው።

እስክንደርስ አላህ አፊያውን አብዝቶ ይስጥዎ። እማማን ይሳሙልኝ።

ልጅዎ ሀኒፋ
ፒያሳ