ዌንዴል የሚያልፍበት መግቢያ

ዴይተን፣ ኦሃዮ
ኖቬምበር 9 ቀን 2017

ውድ ክላይድ፣

ደረትህ እንዴት ነው? የቱሳን ደረቅ አየር ተስማማህ? ወንድምህስ አሁንም ባቄላውን እያሳረረ ነው የሚያበላህ? እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። የምድር ቤቱን ማሞቂያ አስጠግኛለሁ።

ለሽያጩ ዋጋ የምትተምነው የቤት ገማች ማክሰኞ ከሰዓት መጥታ ነበር። ጃኒን ትባላለች፤ ቀልጠፍ ያለች ሴት ናት። ክፍሎቹን ለክታ ስትጨርስ ወጥ ቤት ቁጭ ብላ፣ «ወይዘሮ ቬርና፣ ቤቱ ጥሩ ነው። ግን ጎረቤት በመኪና መግቢያዎ የማለፍ መብት ስላለው ዋጋው ይወርዳል» አለችኝ። በሰፈሩ መግቢያ የሚጋሩ ሁለት ቤቶች ከሌሎቹ አሥራ አምስት ሺህ ዶላር ገደማ አንሰው ነው አሉ የተሸጡት። በረዶውን ማን ይጠርጋል፣ ሲሰነጠቅ ማን ያድሳል የሚል ውል አለመኖሩንም ባንኩ አይወደውም።

«ጎረቤቴ እኮ ሞቷል» አልኳት።

«መብቱ የመሬቱ ነው፤ ሰው ቢሞት አብሮ አይሞትም። ደግሞ ይሄኛው ጎረቤትዎ ጨዋ ነው፤ ስንቱ ይሳደባል መሰለዎት!»

«የቱ ጎረቤቴ?»

«ቅድም ክላክስ አድርጎ ያስነሳኝ ሽማግሌ ነዋ! ቡናማ መኪና የያዘው። መንገድ ዘግቼበት ነበር፤ ሳሳልፈው ባርኔጣውን አነሳልኝ።»

ክላይድ፣ የዌንዴል ቤት ከኤፕሪል ጀምሮ ባዶ ነው። ቡናማዋንም መኪና ልጁ ሮንዳ ሸጣታለች። ወጥቼ አየሁ። ጋራዡ እንደተቆለፈ ነው። ጠዋት የጣለው ስስ በረዶ ላይ የታተመው የጃኒን ጎማ ብቻ ነው።

ሮንዳ ጋ ደውዬ የግምቱን ነገር ብነግራት ትናንት ወረቀት ይዛ መጣች። ለራሷ ከኋላው መንገድ መግቢያ ልታወጣ፣ በእኛ የማለፍ መብቷን ልትተው ፈርማለች። የቀረው የእኔ ፊርማ ነው።

«ሳንቲም አልፈልግም፣ አክስት ቬርና» አለችኝ። «እኔ እንደሆነ ያንን መግቢያ ባላየው ደስ ይለኛል። አባዬን መሪውን እንደጨበጠ ነው ያገኘሁት። ደረቱን ሲያመው ሆስፒታል ሊሄድ ተነስቶ ነበር። ሞተሩ በርቷል፣ መንገዱ ክፍት ነው። ለምን ሳይወጣ እንደቀረ እስከዛሬ አልገባኝም።»

መንገዱ ክፍት ነው፣ አለች። ያን ቀን መግቢያውን ዘግታ የቆመችውን ፒካፕህን መቼ እንዳነሳሃት የምናውቀው ሁለታችን ብቻ ነን።

እስክሪብቶውን ሳነሳ ክላክሱ ጮኸ። ደንግጬ ሮንዳን አየኋት፤ ቡናዋን እያማሰለች ነው። አልሰማችም። ደግሞ ጮኸ። ካፖርት እንኳ ሳልደርብ ወጥቼ መኪናዬን ከመግቢያው አውጥቼ መንገድ ዳር አቆምኩ። ስመለስ፣ የሞቀ ሞተር ትንፋሽ የመሰለ ነገር እግሬን ታክኮኝ አለፈ። በዓይኔ ያየሁት የለም።

ገብቼ አልፈረምኩም። «ቅዳሜ ተመለሺ፣ የምነግርሽ አለ» ብዬ ሸኘኋት።

ክላይዴ፣ ፒካፑን ያቆምክበት በመግቢያው ጭቅጭቅ እልህ ይዞህ እንጂ ሰው ይሙት ብለህ አይደለም። እሱን አውቃለሁ። አንተ ግን የማታውቀው አለ። ያን ቀን ምድር ቤት መጋዙን እያስጮህክ ስለነበር አልሰማህም። እኔ ዕቃ እያጠብኩ ነበር፤ መስኮቱ ክፍት ነው። ሰማሁት። ክላክሱን እያስጮኸ ደጋግሞ ሲጠራ ሰማሁት። «ይንፋ፤ ሲደክመው ይተዋል» አልኩና ሳህኔን አለቀለቅኩ።

ሰባት ወር ሙሉ ጥፋቱን ለብቻህ ተሸክመህ ስትሰደድ ዝም ብዬ አየሁህ። ቅዳሜ ለሮንዳ ስነግራት የራሴን አስቀድማለሁ። ቤቱ ሳይሸጥ ቢቀርም ይቅር። አጠገቤ ልትቀመጥ ከፈለግህ ና፤ ባትመጣም አልቀየምህም።

ጌታ ጤና ይስጥህ፤ እንቅልፍም ይስጥህ። ለእኔም እንደዚያው ለምንልኝ።

ያንተዋ
ቬርና