የጀልበኛው ሜዳሊያ

ሐሙስ፣ የካቲት 6 ቀን

አባባ ሊሸለሙ ነው! እማዬ፣ ሰማሽ? የክፍለ ሀገሩ የክብር ሜዳሊያ፣ ያ ለምስጉን ነዋሪ የሚሰጠው፣ አዳራሽ ሙሉ ሰው እያጨበጨበ አንገት ላይ የሚጠለቀው፣ ዘንድሮ የአባባ ነው!

ውይ፣ ሰላምታውን ዋጥኩት። እንዴት ነሽልኝ? ጉልበትሽስ ተሻለሽ? አክስቴ አሁንም እያንኮራፋች እንቅልፍ ትነሳሻለች? እኔ ደህና ነኝ። ከደስታዬ የተነሳ ዛሬ በስኳር ፈንታ ጨው ጨምሬ ለአባባ ሻይ ሰጠኋቸው። አባባ ናቸውና ዝም ብለው ጠጥተው ጨረሱት።

ነገሩን ከሥሩ ልንገርሽ። ስማቸውን ለሽልማቱ ያስገባችው ያች የአትክልት ሻጯ ልጅ ናት። ያን ቀን እናቷ ቀሚስ ላይ ተጣብቃ ከሐይቁ የወጣችው። አሁን ጤና ጣቢያ ነርስ ሆናለች። የእሷ ነገር ሲነሳ ሆድሽ እንደሚባባ አውቃለሁ፤ ግን ከሌላ ሰው ከምትሰሚው እኔ ልንገርሽ ብዬ ነው። አባባ በዕድሜያቸው ሙሉ ከውሃ ያወጧቸውን ሰዎች ቤት ለቤት እየዞረች አፈላልጋ ለኮሚቴው ምስክር አቆመች። አባባ ሲሰሙ ምን ቢሉ ጥሩ ነው? «ጀልበኛ ቀዘፈ ተብሎ ይሸለማል? እንግዲያው ዳቦ ጋጋሪውም ዳቦ ጋገረ ተብሎ ይሸለማ!»

ሰፈሩ ግን አብዷል። ልብስ ሰፊው «ጋሼ፣ ሙሉ ልብስ በነጻ ልስፋልዎ» ቢላቸው «ይልቅ የጀልባዬን ሸራ ጣፍልኝ» አሉት። ፀጉር አስተካካዩም ከእንግዲህ ከእሳቸው ሒሳብ አልቀበልም ብሏል።

የፀጉር አስተካካዩን ነገር አልነገርኩሽም መሰለኝ። አንቺ ከሄድሽ በኋላ ነው ከበራችን ፊት ለፊት ሱቅ የከፈተው። የወንድሜ ሞክሼ ነው። ገና የመጀመሪያ ቀን ስሙን ሲነግራቸው አባባ መቀሱን አዩና «እኔ አንተን መቀስ ነው የምልህ» አሉት። ቀልድ መስሎት ሳቀ። ዛሬ ሰፈሩ በሙሉ መቀስ ይለዋል፤ ሚስቱ ሳትቀር «መቀስዬ» ትለዋለች። ከየት እንደመጣ የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። በወንድሜ ለቅሶ ቀን ለቀስተኛው ሁሉ ፊት አባባን «ሁለተኛ የልጄን ስም በአፍህ እንዳትጠራ» ብለሻቸው ነበር። እማዬ፣ አልጠሩም። ሻንጣሽን ይዘሽ አክስቴ ጋ ከሄድሽ በኋላም፣ ማንም በማይሰማቸው ቤት ውስጥም አልጠሩም።

አልፈርድብሽም። እናት ነሽ። ያ ነፋስ እነ ወንድሜ የተሳፈሩባትን ጀልባ ገልብጧት አባባ ቀዝፈው ሲደርሱ ሻጯና ልጇ ቅርብ ነበሩ፣ ወንድሜ ራቅ ብሎ። ጀልበኛ ቅርብ ያለውን እጅ ይዞ ነው ወደሚቀጥለው የሚያልፈው፤ ዘመድ ባዕድ አይልም። ቅርቡን ዘሎ ሩቁን ልያዝ ያለ ሁለቱንም ያጣል። ይህን አንቺም ከእሳቸው አፍ ስትሰሚው ኖረሻል። ቀና ሲሉ ወንድሜ የነበረበት ቦታ ላይ ውሃ ብቻ ነበር።

አሁን ወደ ጭንቁ ልምጣ። ማክሰኞ ከክፍለ ሀገሩ ጽሕፈት ቤት አንድ ሰው መጣ። ክራባቱ አንቆት ላብ በላብ ሆኗል።

«አባታችን፣ መድረክ ላይ ከሞት ያተረፏቸውን ሰዎች ስም እናነባለን» አላቸው።

«ያላተረፍኩትንም አንብቡ።»

«እንዴ፣ የደስታ ቀን'ኮ ነው አባታችን! ሐዘን እዚያ ምን ይሠራል?»

«ከተጠሩ አብረው ይጠሩ። አንድ ቀን፣ አንድ ውሃ ነው።»

ሰውዬው እስክሪብቶ አወጣ። «ይሁን እሺ። ማን ልበል?»

አባባ አፋቸውን ከፈቱ። ከፈቱና ቆዩ። ከዚያ መልሰው ገጠሙት። እኔ ልናገር ስል በእጃቸው አስቆሙኝ። «እሷም አትናገርም። ፈቃዱ እናቱ ጋ ነው።»

«እናቱ ባይፈቅዱስ?»

«እንግዲያው ሜዳሊያውን ለሌላ ስጡት። ምስጉን ሰው ሞልቷል።»

ሰውዬው ሲወጣ በር ላይ «አባትሽ ግትር ናቸው» አለኝ። «እናቴን ስላላየህ ነው» አልኩት። ሳቀና፣ እስከ ሽልማቱ ቀን ጠዋት የስሙን ቦታ ክፍት አድርጎ እንደሚጠብቅ ቃል ገባልኝ።

አባባ ከዚያ ወዲህ ስለ ሽልማቱ ትንፍሽ አላሉም። ግን ትናንት ያን አንቺ የምትወጂላቸውን ኮት ከሣጥን አውጥተው ፀሐይ ላይ አሰጡት። አየሁ እንዳልላቸው ወደ ጓዳ ገባሁ። ጀልባዋንም ወደ ውሃ መግፋት አቅቷቸዋል እማዬ፤ ሐይቁ ዳር ሄደው አጠገቧ ቁጭ ብለው ይመለሳሉ።

እኔም እንግዲህ እንዲሁ ነኝ። ልብስ ሳጥብ ቧንቧውን እስከ መጨረሻው እከፍትና ውሃው ሲንጫጫ ቀስ ብዬ ስሙን እጠራዋለሁ። ለእኔም'ኮ ወንድሜ ነበር።

ፈቅጃለሁ ብለሽ ብትጽፊ ለሰውዬው ይበቃው ይሆናል። ለእኛ ግን አይበቃንም። መጥተሽ ስሙን በአፍሽ ንገሪያቸው፤ ያወጣሽለት አንቺ ነሽ። ከአባባ ጋር መነጋገር ካልፈለግሽ እኔ መሐላችሁ እቀመጣለሁ፤ እንደ ድሮዬ ቀጭን አይደለሁም፣ አትተያዩም። ነርሷም ከነእናቷ ትመጣለች። ደብቃ አስመጣችኝ እንዳትይኝ አሁኑኑ ነግሬሻለሁ።

ፈጣሪ መንገድሽን ያቅናልሽ፤ ጉልበትሽን ያጽናልሽ፤ ደርሰሽ ለማየት ያብቃኝ። ይህን የምልሽ የምትወድሽ የበኩር ልጅሽ ነኝ። አክስቴን ይዘሻት ነይ፤ የምታውቂውን ሰው ሁሉ ጥሪልኝ፣ አዳራሹ ሰፊ ነው። ቅዳሜ፣ መጋቢት 6 ቀን፣ ጠዋት በሦስት ሰዓት።