የጅራታም ኮከብ ልዑካን

ሰኞ፣ መጋቢት 22 ቀን 1978

ቢሮ። አሥራ አራት ገጽ ቃለ ጉባኤ ተየብኩ። ካርቦኑ አርጅቶ ሦስተኛው ቅጂ አይነበብም። "ሦስተኛውን ማን ሊያነበው?" አለ አለቃዬ። እውነቱን ነው።

ቤት ስገባ አባባ በረንዳው ላይ ሬዲዮኑን ጆሯቸው ላይ ለጥፈዋል።

"ብርቄ፣ መጣች!"

"ማን?"

"ጅራታሟ ኮከብ ናታ! የኔዋ!"

በየሰባ ስድስት ዓመቱ ነው የምትመጣው። በ1902 ስትመጣ የስድስት ዓመት ልጅ ነበሩ። ይህን ታሪክ ስንት ጊዜ ሰማሁት? ጅራቷ የሰማዩን እኩሌታ ይዞት ነበር፣ በሬው ሁሉ ደንብሮ ነበር... ሰርግ ላይ፣ ዕድር ላይ፣ ለቅሶ ቤት ሳይቀር። ጎረቤቱ በቃሉ ይወጣዋል።

ማታ ግቢ ወጥተን አንጋጠጥን። የአውሮፕላን ማረፊያው መብራት ሰማዩን አጥቦታል። እሷ ከፍ የምትለው ደግሞ ወደ እኩለ ሌሊት ነው አሉ፤ ሰዓት እላፊ። "እዚህ ገብስ ስዘራ እኮ ድቅድቅ ጨለማ ነበር" አሉ አባባ፣ ቦሌ እንዲኖር እንደተፈረደበት ሰው።

ቀኝ ዓይናቸው ጠፍቷል ማለት ይቻላል። ሞራ። ግራውም እየተከተለው ነው። ሐኪሙ ይገፈፋል ካለ ሁለት ዓመት ሆነው። "ዓይኔን በቢላ? ሞቼ ነው!" ይላሉ።

መብራት የሌለበት ገጠር ልውሰዳቸው? ግራውም ጨርሶ ሳይጠፋ...

ሐሙስ፣ መጋቢት 25

የይለፍ ወረቀት ፍለጋ ቀበሌ ሄድን።

"የጉዞው ምክንያት?" አለ ሊቀመንበሩ።

"ኮከብ ለማየት።"

"ለማየት ነው ለማስቆጠር?"

"ለማየት።"

"እዚህ ኮከብ የለም?"

አባባ ገቡበት። ዝም ቢሉ ምን ነበረበት! "የኔ ልጅ፣ ይቺ ጅራታም ናት። ድሮ እሷ ከወጣች መንግሥት አይረጋም ይባል ነበር።"

የጸሐፊዋ እስክሪብቶ ቆመ። ከዚህ ባነሰ ቃል ማን የት እንደገባ... አልጽፈውም።

ሊቀመንበሩ ጉሮሮውን ጠራረገ። "ድሮ ነው ያሉት?"

"ድሮ!" አልኩ፣ በጩኸት ማለት ይቻላል። "በፊውዳሉ ጊዜ!"

"አሁን የምትታየው በሳይንስ ነው" አለ። ሰኞ ተመለሱ ተባልን።

ሰኞ፣ መጋቢት 29

ወረቀቱ ወጣ። ሦስት ማኅተም አለው። "ወደ ቆቦ ዲማ ለሚጓዘው የኮከብ ጉዳይ ልዑክ አስፈላጊው ትብብር እንዲደረግ..." ልዑክ! እኔና አባባ!

ሦስተኛ ልዑክም ተጨምሮልናል። ካድሬ፣ ጓድ ዓምዴ። ሙሉ ስሙ ዓምደሚካኤል ነው፤ አብዮቱ ሲመጣ ሚካኤልን ጣለው። ሥራው ኮከቧ የተሳሳተ ትርጉም እንዳይሰጣት መቆጣጠር። ሳቄ መጣ። ፊቱን ሳየው ተመለሰ።

ቆቦ ዲማ ከሰንዳፋ ወዲያ ያለች ትንሽ ከተማ ናት። መብራት አልገባባትም። የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ጉዲና የሟች እናቴ የእህት ልጅ ነው፤ የምናድረው እሱ ዘንድ። የደብዳቤው ቅጂ ቀድሞን ሄዷል። ይሁን፣ ጉዲና ዘመድ ነው።

እሑድ፣ ሚያዝያ 5

ትናንትን ዛሬ ካልጻፍኩት ነገ ራሴም አላምነውም።

አውቶቡሱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ አወረደን። መንገዱ ግራና ቀኝ በሰው ተሞልቷል። እልልታ። ቀይ ጨርቅ ላይ "የኮከብ ልዑካን እንኳን ደህና መጣችሁ"። ጉዲና በሙሉ ልብስ፣ እጁን ዘርግቶ፤ "እንኳን ደህና መጡ ጓድ ብርቄ!"

ጓድ ብርቄ! ባለፈው ለገና በዓል እኔ ቤት ምንጣፍ ላይ የተኛው ጉዲና! ወደ ጆሮው ጠጋ ብዬ "ምን ሆነሃል?" አልኩት።

"ሦስት ማኅተም አለው" አለ በሹክሹክታ። "ሦስት ማኅተም እያለ እንዴት ዘመድ እሆናለሁ?"

በግ ታርዷል። በሁዳዴ! ካድሬ አይጾምም ብለው ነው። አገሩ ሁሉ ጾመኛ፣ ጥብሱ ዓምዴ ፊት ቀረበ። ሥጋውን አየ። ሰዉን አየ።

"ሥጋው ለብዙኃኑ ይሁን" አለ።

ብዙኃኑ ማን ይንካው? ሳህኑ ቤቱን ዞሮ ዞሮ ተመልሶ እሱ ፊት ቁጭ። በመጨረሻ "ሆዴን ያመኛል" አለና ሽሮ በላ። ለታመመ ሆድ ሁለት ጊዜ አስጨመረ። ግራ ገባኝ... ኋላ ገባኝ።

ከዚያ ስብሰባ። ሁለት ሰዓት ሙሉ። ስለ ኮከቧ አራት ሰው ተናገረ፤ አንዱ ስለ ማዳበሪያ ነበር። መሸ። አሁን ይጨልማል ብዬ ስጠብቅ... ዱድ ዱድ ዱድ! ከወፍጮ ቤቱ ሞተር ሽቦ ስበው መንገዱን በአምፖል ሞልተውታል። ከተማዋ ኤሌክትሪክ ስታይ የመጀመሪያዋ ነው። ልጆች ይጨፍራሉ፣ ሴቶች ያለቅሳሉ። ሰማዩ ጠፋ። ቦሌ ተከትሎን መጣ!

"ጉዲና፣ አጥፋው!"

"እንግዶቹ ኮከቡን በደንብ እንዲያዩ ነው እኮ።"

"ኮከብ በጨለማ ነው የሚታይ!"

"እስኪነጋ እንዲበራ በቃለ ጉባኤ ተይዟል" አለ። የምሩን ነው። ለቅሶ ቀረሽ ሆኖ ነው ያለው።

ስድስት ሰዓት ሲቃረብ አባባን ይዤ ወደ እርሻው ወጣሁ። ብርሃኑ እዚያም አለ። ድንጋይ ላይ ተቀመጡ።

"ብርቄ... አላየኋትም።"

"መብራቱ ነው አባባ፣ ትንሽ እንታገሥ።"

"ያኔ ነው የምልሽ። በ1902። ሁሉም ወጥቶ ሲያይ ፈርቼ አልጋ ሥር ገባሁ። እናቴ እግሬን ይዛ ብትጎትተኝ የአልጋውን ቋሚ አልለቅም አልኩ። በማግስቱ ልጆቹ ሲያወሩ እኔም አወራሁ። አንዴ ካወሩት... እንዴት ይተዋል?"

ሰባ ስድስት ዓመት! ልቆጣ? ልሳቅ? እጃቸውን ያዝኩ። ሰማንያ ሁለት ዓመታቸው ነው፣ የስድስት ዓመት ልጅ እጅ መሰለኝ።

ዞር ስል ዓምዴ ከኋላችን ቆሟል። ሁሉን ሰምቷል። አሁን ይመዘግበዋል አልኩ። ተመልሶ ወረደ። ወዲያው ድምፁ ከመንገዱ መጣ፤

"ጓዶች! ነዳጅ የብዙኃኑ ሀብት ነው! ለአንዲት ኮከብ ይህን ያህል ማባከን አድኃሪነት ነው! ይጥፋ!"

ሞተሩ ተንተፋትፎ ሞተ።

ጨለማ። ከዚያ ሰማዩ በአንዴ ወረደብን። ይህን ያህል ኮከብ ነበር ለካ? ጭፈራው ራሱ ቆመ። በደቡብ በኩል፣ ከዛፎቹ በላይ... አገኘኋት። መስተዋት ላይ በአውራ ጣት የተቀባ ቅቤ ትመስላለች። ጅራት? እንጃ።

"ይቺ ናት?" አለ ጉዲና። "ለዚች ነው በግ ያረድኩት?"

የአባባን አገጭ ይዤ አቀናሁላቸው። ትንሽ ወደ ግራ... አሁን ወደ ላይ... ግራ ዓይናቸውን አፍጥጠው ቆዩ። እንባ ወረደው።

"ጭጋግ ነው" አሉ።

"ጋሼ ባይሳ፣ ያኔስ እንዴት ነበረች?" ሲል ጉዲና አባባን ጠየቀ። ሰዉ ሁሉ ቀረበ። በሬው ሊመጣ ነው ብዬ ጠበቅሁ።

"አላውቅም" አሉ። "አልጋ ሥር ነበርኩ።"

ከዚያ አንዲት ሴት ሳቀች፣ ከዚያ አገሩ በሙሉ። ከሁሉ አብልጠው የሳቁት አባባ። ከጎኔ ዓምዴ ሽቅብ እያየ "በስመ አብ" አለ፣ ቀስ ብሎ። ሲያማትብ ግን... ጨለማ ነበር። አላየሁም።

ረቡዕ፣ ሚያዝያ 8

ዓምዴ ሪፖርቱን ለማስተየብ መጣ፤ "ኮከቧ በተወሰነላት ቦታ ተገኝታለች። በመንግሥት ላይ ያሳየችው አዝማሚያ የለም።"

ማክሰኞ፣ ሚያዝያ 14

ቁርስ ላይ፣ ሳይጠየቁ፤ "ያ ሐኪም አሁንም አለ?"

"ምነው?"

"ሁለቴ መጥታ ሁለቴም አመለጠችኝ። ያኔ የፈራሁት እሷን ነው። አሁን ቢላዋን።" ሻያቸውን አማሰሉ። "ሦስተኛ እንደሆነ አልጠብቃት... ከፋሲካ በኋላ ውሰጂኝ።"

ሌሊቱን ግን ሲገላበጡ ሰማኋቸው። እኔም አልተኛሁም። ቢበላሽስ? ያለችውም ብታልቅስ?

ቅዳሜ፣ ግንቦት 9

የግራ ዓይናቸው ፋሻ ተነሣ፤ ቀኙ ጊዜው አልፎበታል ተብሏል። ወፍራም መነጽር አደረጉላቸው። መጀመሪያ ግድግዳውን አዩ። ከዚያ እጃቸውን፣ በመዳፉም በጀርባውም። ከዚያ እኔን። ፊቴን ይዘው ወደ መስኮቱ አዞሩት።

"ብርቄ?"

"አቤት አባባ።"

"ሸብተሻል እኮ!"

"አዎ።"

"መቼ?"

"ቀስ በቀስ..."

"ማንም አልነገረኝም!" ጮኹ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ነርሷ መጥታ "በሽተኛ አለ" ብላ ተቆጣች። እሷንም አፍጥጠው አዩዋትና "አንቺ ገና ነሽ፤ አትቆጪ" አሏት።

ታክሲ ውስጥ መስኮቱ ላይ ተለጠፉ። ቦሌ እስክንደርስ ያዩትን ሁሉ ስሙን ጠሩት። አህያ። ፖሊስ። ብርቱካን። ሴትዮ፣ ጃንጥላ የያዘች። አንዱንም አልዘለሉ።