ቅቤውና የካምፎር ዘይቱ

ሚያዝያ 9፣ ከሰዓት

ዝናብ። የሕፃኗ ልጄ የሽንት ጨርቅ አልደርቅ ብሎ ቤቱ ሁሉ ገመድ ሆኗል። አማቴ የልጅ ልጃቸውን ሊያዩ ከቡሌ በእግራቸው ወርደው መጡ፤ በኮባ የተጠቀለለ ቅቤ ይዘው። ጉልበታቸው አብጧል። ከዐረቡ ሱቅ የገዛሁትን የካምፎር ዘይት በኑግ ዘይት አቅጥኜ አሸሁላቸው። መጀመሪያ በረዳቸው፣ ቀጥሎ አሞቃቸው፣ ከዚያ ምርቃት አወረዱልኝ። ደስ አለኝ።

ሚያዝያ 11፣ ጠዋት

ጉልበታቸው ተሽሏል። ዘይቱን ወደውት ነጠላቸው ላይ ሳይቀር ጠብ ያደርጉታል፤ ቁንጫ ያባርራል ባይ ናቸው። ልጅቷ ግን አፍንጫዋ ተደፍኖ ጡት አልይዝ አለች። አማቴ ቅቤ ካልዋጠች አይለቃትም አሉ። ልጆቻቸውን ሁሉ እንዲያ ነው ያሳደጉት፣ ባሌንም ጨምሮ። ተከራከርኩ። ደከመኝ። እሺ፣ በጣት ጫፍ ብቻ።

ሚያዝያ 12፣ ክሊኒክ

ባሌ ጋቢዬንና አንቺን ይዞልኝ መጣ፣ ማስታወሻዬ። ከጃንሆይ ፎቶግራፍ ሥር፣ አግዳሚው ላይ ነኝ።

ትናንት ልጅቷ ቅቤውን ከዋጠች ብዙም ሳይቆይ ዓይኗ ተገለበጠ፤ እጅና እግሯ ተንዘፈዘፈ። አቅፌ ሮጥኩ። የክሊኒኩ ድሬሰር አፏን አሸተተና ምን እንደሰጠናት ጠየቀ። ቅቤ ብቻ አልኩ። አማቴ ከኋላዬ ነበሩ።

«እኔ ነው። ዘይቱን ቅቤ ውስጥ አደረግሁ። ጉልበቴን አዳነ፣ ልጅቷንም ያድናል ብዬ።»

ጠላኋቸው። ለአንቺ ምን እደብቃለሁ፣ ጠላኋቸው።

ማታውን መንዘፍዘፉ ቆመ። ዛሬ ጠባች። ድሬሰሩ እንደሚለው ዘይቱ ለትልቅ ሰው ነው፤ ቀጥኖ፣ ባልቆሰለ ቆዳ ላይ። ጠብታም ቢሆን አይዋጥም። የሕፃን ደግሞ ደረትም አፍንጫም አይንካ። ዐረቡ ለሁሉም ይሆናል ብሎኝ ነበር። እኔም ይህንኑ ለአማቴ ደግሜላቸዋለሁ። ታዲያ እሳቸው ምን አጠፉ?

ሚያዝያ 14፣ ጠዋት

ቤት ገባን። ጠርሙሱን ቁም ሳጥን ውስጥ ቆለፍኩበት። አማቴ ልጅቷን አይነኩም፤ በሩ አጠገብ ተቀምጠው ከሩቅ ያዩዋታል። ዛሬ ዱላቸውን አንስተው ቡሌ ልመለስ አሉ። በዚህ ጭቃ፣ በዚያ ጉልበት። ባሌ እኔን ያያል።

ልጅቷን አንስቼ ጭናቸው ላይ አስቀመጥኳት። ወዲያው አላቀፏትም። መጀመሪያ መዳፋቸውን ወደ አፍንጫቸው አስጠግተው አሸተቱ፤ አንዱን፣ ከዚያ ሌላውን። አለቀስኩ።

ዱላቸውን አልጋ ሥር ደብቄዋለሁ። ዝናቡ እስኪያባራ አልሰጣቸውም።