የእማዬ ነጭ ካልሲ

ዴልታ፣ ጁን 12፣ ሐሙስ ማታ። ቀኑን ሙሉ ወበቅ ነበር፤ ቤት ያለነው እኔና እማዬ ብቻ ነን።

ወንድም ዓለም ላቬል፣ አንተም ልጆቹም በያላችሁበት ሰላም ሁኑልኝ። እኛ ደህና ነን። ቲማቲሙ ደርሷል። እማዬም ግራ እግሯን እያሳረፈች እሁድ እሁድ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ቆማ ሰው ታስተናግዳለች።

ዛሬ ለስኳሯ ክሊኒክ ወሰድኳት። ለሐኪም እንደምትለብሰው ሁሉ ነጭ ቀሚሷን፣ ነጭ ካልሲዋንና ነጭ ጫማዋን አደረገች። ነርሷ፣ "ሙሽራ መስለው የለ እንዴ!" ብላ ጣቷን ወጋች፤ ከነጫማዋ መዘነቻት፤ በቃ።

"እግሯንስ?" አልኩ።

"የእግር ሐኪሙ እዚህ መምጣት አቁሟል። ያለው ጃክሰን ከተማ ነው፤ ቀጠሮው ለሴፕቴምበር" አለች ነርሷ።

እማዬ ደግሞ እኔን ተቆጣችኝ፤ "በሰው ፊት ካልሲ አስወልቀሽ ልታዋርጂኝ ነው?"

ቤት ገብተን ካልሲውን ከግራ እግሯ ትንሿ ጣት ቁስል ያላቀቅኩት በውሃ አርሼ ነው። ስለ ሽታው አልጽፍልህም። አክስት ኦዴሳ ሰላም ብላሃለች፤ እሷንም በትንሿ የእግር ጣት ነበር የጀመራት፤ አሁን ተሽከርካሪ ወንበሯን ለምዳዋለች።

እግዚአብሔር ከክፉ ይጠብቅህ።
እህትህ ኤርሊን

ጠዋት የጨመርኩት፦ እማዬን ባዶ እግሯን በፎጣ ጠቅልዬ ጃክሰን አመጣኋት። መቀበያው ላይ ያለችው ልጅ "ቀጠሮ አላችሁ?" ስትለኝ፣ የእማዬን እግር ወንበር ላይ አንስቼ ፎጣውን ገለጥኩት።