ለነሐሱ ግመል ሆቴል፦ እባካችሁ አንድ ነገር ከልክሉን

ለክቡር ሚስተር ራስል ቫንደርሆፍ
የነሐሱ ግመል ሆቴልና ካዚኖ የእንግዶች ደስታ ዋና ዳይሬክተር
ላስ ቬጋስ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለቤተሰብዎ፣ እንዲሁም በሎቢው መካከል ቆሞ ያለ ዕረፍት ከአፉ ውሃ ለሚተፋው የነሐስ ግመል ያለኝን የጤና ምኞት በታላቅ አክብሮት አቀርባለሁ። እኛም በእርስዎ ቸርነት እጅግ ደህና ነን፤ ደህና ከመሆናችን የተነሳ ወደ ቤታችን መመለስ አቅቶናል። ይህን ደብዳቤ በከተማው ጋዜጣ በኩል የምልክልዎም በቀጥታ ስጽፍልዎ የሚደርስብኝን ስለማውቅ ነው፤ እሱን ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

ስሜ ፓልመር ስቴንስሩድ ይባላል። ሠላሳ አንድ ዓመት የትምህርት ቤት አውቶቡስ ነድቼ ጡረታ የወጣሁ፣ በኖርዝ ዳኮታ የሃልስታ ከተማ ነዋሪ ነኝ። ከባለቤቴ ከአርዲስ ጋር ጃንዋሪ ዘጠኝ ቀን ሆቴልዎ የገባነው ለስምንት ሌሊት ብቻ ነበር፤ በዚያ ሰሞን በእኛ አገር ሰው ከቤቱ በር እስከ መኪናው ሲሄድ ቅንድቡ በረዶ ይሠራልና ትንሽ ልንሞቅ ነበር ሐሳባችን። ዛሬ ማርች አሥራ አንድ ነው። እኔ ሞቆኛል። ከሞቀኝም ሰንብቷል።

በመጪው እሁድ የልጅ ልጃችን የወለደቻት ሕፃን በሃልስታ የሉተራን ቤተ ክርስቲያን ክርስትና ትነሳለች። የምትለብሰው ቀሚስ አያቴ ከኖርዌይ በመርከብ ስትመጣ ጭኗ ላይ አስቀምጣ ያመጣችው ነው፤ አባቴ ለብሶታል፣ እኔ ለብሼዋለሁ፣ ልጃችን ጃኔልና የእሷም ልጅ ለብሰውታል። የጠርዙ ዳንቴል ተተርትሮ ስለነበር አርዲስ በስምንቱ ቀን ልትጠግነው ይዛው መጣች። ስለዚህ ቀሚሱ በአሁኑ ሰዓት በሆቴልዎ አሥራ አራተኛ ፎቅ፣ የመታጠቢያ ቤት ኮፍያዎችዎ በተደረደሩበት መሳቢያ ውስጥ ይገኛል። በፖስታ እንላከው ብዬ አንድ ጊዜ ተናግሬ ነበር፤ አርዲስ ያየችኝን አስተያየት ለጠላቴም አልመኝም። መንገዱ በመኪና ሁለት ቀን ከግማሽ ስለሚፈጅ ነገ ጠዋት ካልተነሳን ሕፃኗ ያለ ቀሚሷና ያለ ቅድመ አያቶቿ ክርስትና ልትነሳ ነው።

ታዲያ ለምን አትሄዱም ይሉኝ ይሆናል። ጥያቄዎ ተገቢ ነው፤ ለመልሱ ግን የሃልስታን ሰው ማወቅ ያስፈልጋል። በእኛ ከተማ ጎረቤት በትሪ ምግብ ካመጣልዎ ትሪውን ባዶውን መመለስ ትልቅ ነውር ነው። ቢያንስ ኬክ ይጨምሩበታል። ጎረቤትም በኬኩ ሳህን ሌላ ነገር ያመጣል፤ አርዲስና ጎረቤታችን ሚስስ ጊልበርትሰን በዚህ ዓይነት አንዲት ሰማያዊ ትሪ ከአሥራ ዘጠኝ ዓመት በላይ ሲመላለሱባት ኖረዋል። ሁለቱም ሰዎች ስለሆኑ ግን አልፎ አልፎ ይደክማቸዋል። ለእንግዶች ስጦታ የሚልከው የእርስዎ ኮምፒውተር እንደማይደክመው ማንም አልነገረንም። ምስጋናዬንም በቅደም ተከተል አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ስለ ወንበሩ አመሰግናለሁ። አርዲስ ቁማር ተጫውታ አታውቅም። በመጣን በሁለተኛው ቀን የዳንቴሉን ሥራ ይዛ አረፍ የምትልበት ስታጣ ከአንድ የቁማር ማሽን ፊት ተቀመጠች፤ ቀጥሎም ወንበሩን በከንቱ መያዙ አሳፈራትና ጥቂት ሳንቲም ከትታ ተጫወተች። ሠራተኛዎ ብሪያና በፈገግታ መጥታ የተጫወተችውን ሁሉ ለኮምፒውተራችሁ የሚቆጥር የአባልነት ካርድ በጥምዝምዝ ገመድ አንገቷ ላይ አጠለቀችላት። በማግሥቱ በበራችን ሥር ፖስታ ገባ፦ ሁለት ሌሊት በነፃ። አርዲስ ደነገጠች። ፖስታውን ይዛ ወደ ብሪያና ወረደችና «የኔ ልጅ፣ ምን አድርገንላችሁ ነው? ምን እናድርግላችሁ?» ብላ ጠየቀች። ልጅቷም «ኧረ ምንም እማማ! ዝም ብለው ይጫወቱልን፣ እሱ ይበቃናል!» አለቻት። ባለቤቴ ነገሩን እንደ ሰው ቃል ተቀበለችው። ኬክ መጋገሪያ ምድጃ ስላልነበራት ውለታውን ለመመለስ አንድ ሰዓት ተጫወተች። ኮምፒውተርዎ ሦስት ሌሊት ላከ። እሷ የምስጋና ካርድ ጽፋ ሁለት ሰዓት ተጫወተች። ኮምፒውተርዎ አንድ ሳምንትና የአናናስ ቅርጫት ላከ። ከዚያ ወዲህ ያለውን መዝገባችሁ ያውቀዋል።

ሁለተኛ፣ ስለ ፌብሩዋሪ ሁለት ቀን አመሰግናለሁ። ያን ዕለት ሻንጣ አስረን፣ መኪናውን አስነስተን ነበር። ነገር ግን እኛ አገር ሰው ቆሞ ደህና ሁኑ ሳይል፣ ከዚያ በር ላይ ሳይደግመው፣ ከዚያ በመኪና መስኮት ሳይሠልሰው አይሄድም። አርዲስ ስንብቱን ከቁርስ ጀምራ ፎጣ ከምታመጣው ሴትዮ እስከ በር ጠባቂው ስታዳርስ ምሳ ሆነ። እስከዚያ ድረስ አዲስ ፖስታ ደርሶ፣ ክፍላችን ወደ ባለ ሁለት ሳሎን ተቀይሮ ጠበቀን። «ይሄን ሁሉ አድርገውልን ሳንመልስላቸው ውልቅ ብለን እንሂድ? ምን ዓይነት ሰዎች ናቸው አይሉንም?» አለችኝ። ሞተሩን አጠፋሁ።

ሦስተኛ፣ ለቅሬታዬ ስለሰጡት ፈጣን ምላሽ። በዚያው ወር አጋማሽ ስጦታው እንዲቆም በሚስጥር ጻፍኩልዎ። እርስዎም በእንግዳዎ ሐዘን ልብዎ መሰበሩን ገልጸው ለካሳ አሥራ አራት ሌሊትና ሎብስተር የተባለ ውድ የባሕር ምግብ እራት ላኩ። አርዲስ ይህን ስታይ አለቀሰች። «ጭራሽ ስሞታ አቀረብክባቸው? እነሱም በዚህ መለሱ? ፓልመር፣ በሕይወቴ እንደዛሬ አፍሬ አላውቅም!» አለችና በእኔ ምትክ ይቅርታ ለመጠየቅ ወርዳ እስከ እራት ሰዓት ተጫወተች። ሎብስተሩን ብቻዬን በላሁት። ጥሩ ነበር፣ አልክድም። መጀመሪያ ሰሞን እኔም ስለ ቡፌው ሽሪምፕና ስለ ሙቁ የመዋኛ ገንዳ ብዬ አፌን መዝጋቴን እዚህ ላይ መናዘዝ አለብኝ።

ባለጌ ብንሆን ያባርሩናል ብዬም ሞክሬአለሁ። እርጥብ ፎጣ ምንጣፍ ላይ ጣልኩ፤ በእንፋሎት የሚሞቅ የፎጣ ማድረቂያ መደርደሪያ አስገቡልን። ቡፌው ላይ ወጡ ጨው በዛው ብዬ ጮህኩ፤ ወጥ ቤት ኃላፊው እጄን ይዞ አመሰገነኝና ጠረጴዛችን ላይ ስማችንን ጻፈ።

አራተኛ፣ ሎርን ጊልበርትሰንን ስለተቀበሉልን። የባለ ሰማያዊ ትሪዋ ጎረቤታችን ባል ነው። ባለፈው ሳምንት ልጃችን ጃኔል ደውላ «አባዬ፣ ቀሚሱ የሌለበት ክርስትና አላደርግም፣ ወይ ትመጣላችሁ ወይ ሰው ልኬ አስጎትታችኋለሁ» ስትል የላከችው እሱን ነበር። ሎርን ቁርጠኛ ሰው ነው፤ ገና ኮቱን ሳያወልቅ «ተነሱ፣ የመኪናው ሞተር አልጠፋም» አለን። ብሪያና ስለ ደከመው ብላ አንድ ነፃ ቡና ሰጠችው። አሁን ዘጠነኛ ፎቅ ነው ያለው።

ክቡር ሆይ፣ ቀልዱን ላቁም። ባለቤቴ ናፍቃኛለች። በአንድ ክፍል እየኖርን ናፍቃኛለች። ሃምሳ ሁለት ዓመት በኩሽናችን መስኮት አጠገብ ፊት ለፊት ተቀምጠን ስንበላ የማውቀው ፊቷን ነው፤ እዚህ የማየው ጀርባዋን ነው። ደስ ብሏት ብትጫወት ግድ የለኝም ነበር። ደስታ የላትም። የምትጫወተው የሰው ውለታ እንደ ዕዳ ስለከበዳት ነው፣ ይህም ያናድደኛል።

ስለዚህ የምጠይቀው ካሳ አይደለም። አንድ ነገር ከልክሉን። ክፍል የለም በሉን። ወይም አንድ ሰው ወደ አርዲስ ቀርቦ «እማማ፣ መልሰውልናል፣ ይበቃል» ይበላት፤ በዚያች ቅጽበት መኪና ውስጥ ትገባለች። ይህንኑ ብሪያናን ለምኛት ነበር። ጥሩ ልጅ ናት፣ ዙሪያዋን አየት አድርጋ «አባባ፣ እኔማ ባልኩላችሁ፤ ግን ኮምፒውተሩ ውስጥ 'ይበቃል' የሚል የለም። ሁሉንም ፈልጌአለሁ» አለችኝ።

ይህን በመሰለ ደግነት ሰውን አስሮ የመያዝ ጥበብ በዘመናችን ማየት በመቻሌ ያለኝን አድናቆት በድጋሚ እየገለጽኩ፣ ምላሽዎ በደረቅ ወረቀት ብቻ፣ ያለ ፍራፍሬ እንዲሆን በትሕትና እለምናለሁ።

የዘለዓለም እንግዳዎ፣ ከፈቃዱ ውጭ ምቹ በሆነ አልጋ ላይ የሚገኘው፣
ፓልመር ስቴንስሩድ

ተጨማሪ ማስታወሻ፦ ይህን ጽፌ ሳበቃ በበራችን ሥር ሌላ ፖስታ ገባ። ሎርን ስለ ክርስትናው ለአንድ ሰው ሳያጫውት አልቀረም። በሠርግ አዳራሻችሁ ክርስትናውን በነፃ እንድናደርግ፣ ለቤተሰቡ በሙሉ ሰባት ሌሊት እንደተያዘ ገልጸዋል፤ ከደብዳቤውም ጋር «የወደፊት እንግዳችን» የሚል የሕፃኗ ስም የተጻፈበት ካርድ፣ ለአንገቷ የሚሆን አጭር ጥምዝምዝ ገመድ ያለው፣ አኑረዋል። የስድስት ሳምንት ልጅ ናት። ቤተ ክርስቲያን ስሟን ገና አልጠራችውም።

አርዲስ ካርዱን አነበበችው። አመሰግናለሁ አላለችም። የራሷን ካርድ ከአንገቷ አወለቀች፣ ሁለቱንም ቆሻሻ ቅርጫት ውስጥ ጣለች፣ ቀሚሱን ከመሳቢያው አውጥታ ጭኗ ላይ አስቀመጠችና «ሎርንን ጥራው» አለችኝ። ነገ ጠዋት በጎን በር እንወጣለን፣ ማንንም አንሰናበትም።

ፖስታችሁን ከዚህ ጋር መልሰናል። አርዲስ በገዛ እጇ አሽጋዋለች። ሲከፍቱት ውስጡ ምንም የለም፤ አርዲስ ትሪ ባዶውን ስትመልስ ይህ የመጀመሪያዋ ነው።